"ኦምቡድ" እና "እንባ ጠባቂ" አንድ ናቸው? የአንድ የስካንዲኔቪያ ቃል ጉዳይ

አስተርጓሚዋ (ጎተንበርግ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ቃሉ "ኦምቡድ" ነው።

ስዊድን ውስጥ ከስዊድንኛ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። በቅርቡ አንድ የሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። የሙያ ምስጢር ስላለብኝ ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ነን። አለቃዋ፣ ትከሻቸውን የታመሙ አንዲት እናታችን፣ እኔና አንዲት "ሺድስኦምቡድ" የተባለች ሴት። ሴትየዋ ራሷን ስታስተዋውቅ ሳላስብ "የሥራ ደኅንነት እንባ ጠባቂ ነኝ ትላለች" ብዬ ተረጎምኩ።

እናታችን ቀና አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው መናገር ጀመሩ። የሚናገሩት ግን ስለ ትከሻቸው አልነበረም። ከዓመታት በፊት ስለተከለከሉት፣ ልጃቸውን ወደዚህ ስለማምጣት ጉዳይ ነበር። ለካ ከመንግሥት የተላከ፣ በደል የሚሰማ ሰው በመጨረሻ ፊታቸው የተቀመጠ መስሏቸዋል። ሴትየዋ ደግሞ እዚያው አብራቸው የምትሠራ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጧት የደኅንነት ተወካይ ናት።

አስቆምኳቸውና ስህተቱ የኔ መሆኑን ለሁሉም ተናገርኩ። እናታችን "እንደዛ ነው እንዴ ልጄ" ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን የትም አየዋለሁ። ዕቃ ሳዝ "ጥቅልዎ ኦምቡድ ጋ ደርሷል" የሚል መልእክት ይመጣልኛል። እሱ ኦምቡድ ከሰፈሬ ሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ያለው ልጅ ነው። ፍርድ ቤት ስሄድ ጠበቃው "ኦምቡድ" ይባላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ተቀጣሪ "ኦምቡድስማን" ነው። ፓርላማው የሚመርጠው ትልቁ ሰውም "ኦምቡድስማን" ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው ምንድን ነው? በአማርኛስ ምን ልበላቸው?

ፊዮርድ (ኦስሎ)፦

እህቴ፣ ስህተቱን እዚያው ማረምሽ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እኛ ጋም ቃሉ ያው ነው። ያቺን ሴት ኖርዌይ ውስጥ "ቬርነኦምቡድ" ይሏታል። ዕቃ ቤት ስሠራ ነበረችን፤ ቢጫ ሰደርያዋ ጀርባ ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን ፎርክሊፍቱ ፍሬን አልይዝ አለ። አለቃችን "እስከ ምሳ ቀስ እያላችሁ ጨርሱ" ቢልም እሷ መጥታ ሥራውን አስቆመችው። ሕጉ ይፈቅድላታል። ለሕይወት ወይም ለጤና የሚያሰጋ ነገር ካየች ሥራ ማስቆም ትችላለች።

የስዊድኗም እንደዛው ናት። ስለዚህ "ተወካይ" ብቻ ብትያት ሥልጣኗ ይጠፋል። "እንባ ጠባቂ" ብትያት ደግሞ ያልሆነችውን ትሆናለች።

የሩን ልጅ (ኡፕሳላ)፦

ይህ ቃል የኔ ፍቅር ነው፤ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ። የሰሜን ቋንቋዎችን ታሪክ ነው የማጠናው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ "ኡምቦድ" የሚል ቃል አለ። ሁለት ቁራጭ ነው። "ኡም" ማለት "ዙሪያ፣ ስለ" ማለት ነው። ዛሬ ስዊድኖችም፣ ዴኖችም፣ ኖርዌዮችም "ኦም" የሚሏት ቃል ናት። "ቦድ" ደግሞ ትእዛዝ፣ መልእክት፣ ጥሪ ማለት ነው። የሚመጣው "ብዮዳ" ከሚል ግሥ ነው፤ ማቅረብ፣ ማዘዝ፣ መጥራት ማለት። ሁለቱ ሲገጣጠሙ "ኡምቦድ" አደራ ይሆናል። ውክልና ልትሉትም ትችላላችሁ። "ኡምቦድስማድር" ደግሞ ባለ አደራው ሰው ነው። የሌላ ሰው ጉዳይ በእጁ የተሰጠው ሰው።

ይህች "ቦድ" የምትባል ሥር ስዊድን ውስጥ ያላፈራችው ነገር የለም። አሥርቱ ትእዛዛት "ቲዮ ጉድስ ቡድ" ናቸው። ጨረታ ላይ የምትሰጪው ዋጋም "ቡድ" ነው። ዕቃ የሚያደርስልሽ መልእክተኛም "ቡድ" ነው። አምባሳደር "ሴንደቡድ" ይባላል፤ የተላከ መልእክተኛ ማለት ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ በቀይ የሚጻፈው የቅናሽ ማስታወቂያ "ኤርብዩዳንደ" ከዚሁ ነው። "የተከለከለ" የሚለው "ፎርብዩደን"ም ከዚሁ ነው። ጓደኛሽ ካፌ ውስጥ "ያግ ብዩደር" ካለሽም እኔ ልጋብዝሽ ማለቱ ነው። ያው ግሥ ነው። መጋበዝም ማዘዝም ከአንድ ሥር ወጡ።

ስለዚህ የሱቁ ልጅ፣ ጠበቃው፣ ሺድስኦምቡዷና የፓርላማው ኦምቡድስማን በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁሉም የሌላ ሰው አደራ ይዘዋል። የሱቁ ልጅ የፖስታ ድርጅቱን አደራ ይዟል። ሺድስኦምቡዷ የሠራተኞቹን። ኦምቡድ የሚባል ሰው ስታገኚ መጀመሪያ የሚጠየቀው "የማን ኦምቡድ ነህ?" ነው። ያ ካልታወቀ ቃሉ ባዶ ነው።

ብርቱካን (ኮፐንሀገን)፦

የሩን ልጅ፣ አመሰግናለሁ። እዚህ ዴንማርክ አንድ ሌላ ትርጉም ልጨምር። "ቦርገርሊት ኦምቡድ" የሚባል ነገር አለ። ዜጋ ሆነሽ እንቢ የማትይው ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ ምርጫ ጣቢያ ላይ አስፈጻሚ ሆኖ መቀመጥ። በቂ ምክንያት ከሌለሽ ትሄጃለሽ። አደራው የሕዝብ ነው፣ ያስያዘሽም ሕግ ነው። ስዊድኖች ይህን ስነግራቸው ይገርማቸዋል። ቃሉ አንድ ሆኖ እዚህ ከጫንቃ የማይወርድ ሸክም ሆነ።

ሸዋ በር (አዲስ አበባ)፦

እኔ ደግሞ ከዚህኛው ጫፍ ልናገር። ሙያዬ ሕግ ነው።

"እንባ ጠባቂ" ዝም ብሎ የመጣ ትርጉም አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 15 የተወካዮች ምክር ቤት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቋቁም ይላል። ማቋቋሚያው አዋጅ ቁጥር 211/1992 ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ቃሉ "ኦምቡድስማን" ነው። ማለትም የሰሜን አውሮፓው ቃል በእንግሊዝኛ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ አማርኛ ለብሷል።

አማርኛው ግን ቃል በቃል አልተረጎመም። ቃል በቃል ቢሆን "ባለ አደራ" ወይም "ወኪል" ነበር። ተርጓሚዎቹ የሰውየውን ሹመት ትተው የመጣበትን ምክንያት ያዙ። በደለኛ መሥሪያ ቤት አለ፣ የተበደለ ሰው አለ፣ የሚያለቅስ ዓይን አለ። እኔ ይህን ትርጉም እወደዋለሁ። ባለጉዳይ ፋይሉን በፌስታል ይዞ ከፎቅ ፎቅ ሲመላለስ ያየ ሰው ለምን እንባ እንደተባለ አይጠይቅም።

ስለ ፊደሉም ልጨምር፤ "ዕንባ" እያላችሁ የምትጽፉ አላችሁ። ግዕዙ "አንብዕ" ነው። ዐይኑ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያው አልፍ ነው። ስለዚህ "እንባ" ይሻላል።

ንጋት 21 (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ ሸዋ በር፣ አክብሬህ ነው የምናገረው። እኔ አልወደውም። "ጠባቂ" አማርኛ ውስጥ ሁለት ነው። ዘብ የሚቆምም ጠባቂ ነው፣ አንድ ነገር እስኪመጣ የሚቆይም ጠባቂ ነው። አያቴ ስሙን በሬዲዮ በሰሙ ጊዜ "እስክናለቅስ ነው እንዴ የሚጠብቁት?" ብለው ከልባቸው ጠይቀውኛል። "እንባ አባሽ" ቢባል ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሸዋ በር (አዲስ አበባ)፦

ንጋት፣ የአያትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን "አባሽ" ከሆነ እንባው ፈሷል ማለት ነው። "ጠባቂ" ሲባል እንዳይፈስ መከላከልም ይገባበታል። የተቋሙም ሥራ አቤቱታ ሲመጣ መመርመር ብቻ አይደለም፤ በራሱ ተነሳሽነት አጥንቶ አሠራሩ እንዲስተካከል መጠየቅም ይችላል። ደግሞ "ጠበቃ" የሚለው ቃላችን ከዚሁ ከ"ጠበቀ" የወጣ ነው። በችሎት ፊት ላንቺ የሚቆም ሰው ጠበቃሽ ነው። ስዊድኖች ደግሞ እህታችን እንዳለችው የፍርድ ቤቱን ጠበቃ "ኦምቡድ" ይሉታል። በሌላ መንገድ ሄደን እዚያው የተገናኘን ይመስለኛል።

የሩን ልጅ (ኡፕሳላ)፦

ይህቺ የ"ጠበቃ" ነገር ግሩም ናት፤ አላሰብኳትም ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ቃሉ ባለቤት የቀየረበት ታሪክ ነውና።

በ1241 በዴንማርክ የዩላንድ ሕግ የሚባል ተጻፈ። ንጉሡ ሁለተኛው ቫልደማር ነበር። መግቢያው "አገር በሕግ ይቀና" ይላል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያለኝ የኛው "በሕግ አምላክ!" ነው። እዚያ ሕግ ውስጥ "ኡምቦዝማን" የሚል ቃል ይገኛል። ትርጉሙ በወረዳው የተቀመጠ የንጉሥ ሹም ነው። ልብ በሉ፣ የንጉሥ ሰው ነው። ገበሬው ሲያየው እፎይ የሚልበት ሰው አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ስዊድን እንምጣ። ንጉሥ አሥራ ሁለተኛው ካርል በ1700 ለጦርነት ከስቶክሆልም ወጣ፤ ዋና ከተማውን እስኪሞት ድረስ ዳግም አላያትም። በ1709 ፖልታቫ ላይ በሩሲያው ጴጥሮስ ተሸነፈና ወደ ኦቶማን ቱርኮች ግዛት ሸሸ። እዚያ አምስት ዓመት ተቀመጠ። አገሩ ያሉት ሹማምንት እንደፈለጉ ሆኑ። በ1713 እዚያው በቱርኮች ምድር ሳለ አንድ ትእዛዝ ፈረመ። "ከፍተኛው ኦምቡድስማን" የሚባል ሹመት ፈጠረ፤ ሥራው ዳኞችና ሹማምንት ሕጉን መጠበቃቸውን ማየት ነው። አንዳንዶች ሐሳቡን ከኦቶማኖች የበደል ሰሚ ችሎት ወሰደው ይላሉ። አከራካሪ ነው። ለማንኛውም ያም ሰው ቢሆን የንጉሥ ዓይን ነበር። በ1719 ሹመቱ ስሙ ተቀየረና "የፍትሕ ቻንስለር" ሆነ። ዛሬም አለ፤ የመንግሥት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1809 ነው። ስዊድን ፊንላንድን በሩሲያ ተነጠቀች። መኮንኖች ንጉሡን አራተኛውን ጉስታቭ አዶልፍን ከዙፋን አወረዱት። በፈረንጆቹ ሰኔ (ጁን) 6 ቀን አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። እዚያ ላይ ፓርላማው የራሱን ኦምቡድስማን እንዲመርጥ ተደነገገ። "ዩስቲሲየ ኦምቡድስማን" ተባለ፤ ሰዎች አሳጥረው "ዪኦ" ይሉታል። በ1810 የመጀመሪያው ተመረጠ፤ ላርስ አውጉስቲን ማነርሄይም ይባላል።

ለኔ የቃሉ ትልቁ ቀን ያ ነው። ስሙ አንድ ፊደል አልተቀየረም። ሥራውም ያው ነው፤ ሹማምንትን መቆጣጠር። የተቀየረው ላኪው ነው። እስከዚያ ቀን ኦምቡድስማን ከንጉሥ ወደ ሕዝብ የሚላክ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕዝብ እንደራሴዎች ተልኮ ወደ መሥሪያ ቤቶች የሚሄድ ሰው ሆነ።

ጋሽ ወልዴ (ስቶክሆልም)፦

ልጆቼ፣ እየተከታተልኩ ነው። የሩን ልጅ መጨረሻ ላይ "እንደራሴ" የምትል ቃል ጣል አድርጎ አልፏል። እኔ እሷ ላይ ልቁም።

"እንደ ራሴ" ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ሌላውን "እሱ እንደ እኔ ነው፣ እሱ ያለው እኔ እንዳልኩት ነው" ሲል ነው። ይህ ኡምቦድ ካልሆነ ሌላ ምን ኡምቦድ አለ?

ደግሞ መንገዷን እዩ። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ፤ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እንደራሴ ነበሩ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትመጣ አሥመራ የተቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበር። እንግዲህ እንደራሴ የዘውድ ሰው ነበር። ዛሬ ግን "እንደራሴ" ሲባል ወጣቱ የሚያስበው ሕዝብ የመረጠውን የፓርላማ አባል ነው። የኛም ቃል ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝብ ሄደ። በ1241 የንጉሥ ሹም የነበረው ኡምቦዝማን የሄደበት መንገድ ነው።

እኔ በልጅነቴ ሰዎች "አቤት!" ለማለት መንገድ ዳር ቆመው የንጉሡን መኪና ሲጠብቁ አይቻለሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ንጉሡ ካላዩት ያ ቀን ባከነ። መሐል ላይ ያለ ሰው አልነበረም። ኦምቡድስማን የሚባለው ያ መሐል ላይ የጎደለው ሰው ነው።

ፊዮርድ (ኦስሎ)፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ይህን የትም አላነበብኩትም።

ሳሮን (ሬክያቪክ)፦

አይስላንድ ያለን ሐበሾች ጥቂት ነን ግን አለን። እዚህ ቃሉ እንደ ጥንቱ ነው፤ "ኡምቦድስማዱር"። የአይስላንድ ፓርላማ "አልቲንግ" እንደ ፈረንጆቹ በ1987 ሕግ አውጥቶ ከ1988 ጀምሮ የራሱ ኡምቦድስማዱር አለው።

ግን የእግር ኳስ ተጫዋች ኤጀንትም ኡምቦድስማዱር ይባላል። መኪና የገዛሁበት ሻጭ ድርጅት "ቢላኡምቦድ" ነው፤ ፋብሪካውን ወክሎ የሚሸጥ ማለት ነው። ለባንክ ውክልና ስፈርም ወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈው "ኡምቦድ" ነበር። ለእናቴ አዲስ አበባ የላክሁትን ውክልና አስታወሰኝ።

ሉሊት (ሜሪላንድ)፦

እኔ ስካንዲኔቪያን በካርታ ብቻ ነው የማውቃት፤ ቃሉን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን በዚህ ሥራ ላይ ነን።

ሊፍቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ፖስተር አለ። ትልልቅ ፊደል፣ ስልክ ቁጥር፣ ከላይ "ኦምቡድስማን"። መለጠፉ በሕግ ግዴታ ነው። የተቀመጠውም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ እንዲያነበው ዝቅ ተደርጎ ነው። በ1972 በሙከራ ተጀምሮ በ1978 በመላ አገሪቱ ሕግ ሆነ ብለው በሥልጠና አስተምረውናል። አረጋዊው ምግቡ ቢበላሽበት፣ ደወል ደውሎ ቢዘገዩበት፣ ያለ ፈቃዱ ሊያስወጡት ቢሞክሩ ወደዚያ ይደውላል። የሚመጣው ሰው የድርጅቱ አይደለም፣ የቤተሰቡም አይደለም። የአረጋዊው ነው።

አንድ ቀን አንዲት አገራችን እናት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ፖስተሩን በጣታቸው እያሳዩ "ይቺ ምንድን ናት?" አሉኝ። ቃሉን በአማርኛ አላወቅኩትም። "ለእርስዎ የሚናገርልዎ ሰው ስልክ ናት" አልኳቸው። ቁጥሩን ጻፊልኝ አሉኝ፤ በትልቁ ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አደረግኩላቸው። አሁን ይህን ክር ሳነብ ያልኩት ትክክል ነበር ወይ ብዬ እያሰብኩ ነው።

የሩን ልጅ (ኡፕሳላ)፦

ሉሊት፣ ከዚህ የተሻለ ትርጉም አላውቅም። ሳታውቂው የቃሉን ሥር ነው የተናገርሽው።

እንዴት አንቺ ጋ እንደደረሰ ባጭሩ ልንገርሽ። ፊንላንድ በ1919 ሕገ መንግሥቷ ወሰደችው። ፊንላንድኛ ግን ከሌሎቹ ጋር ዝምድና የለውምና ተረጎሙት፤ "ኦይኬውስአሲያሚየስ" አሉት፣ "የፍትሕ ጉዳይ ሰው" ማለት ነው። እንደኛ ትርጉም የፈለጉ እነሱ ናቸው። ዴንማርክ በ1953 ሕገ መንግሥቷ አስገብታ በ1955 የመጀመሪያውን ሾመች፤ ስቴፋን ሁርቪትስ የሚባል የወንጀል ሕግ ፕሮፌሰር። እሱ ስለ ሥራው ለውጭው ዓለም ብዙ ተናገረ። በ1962 ኒውዚላንድ ተቀበለችው። ከሰሜን አውሮፓ ውጭ የመጀመሪያዋ ናት፤ ቃሉንም እንዳለ ወሰደች። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ተዛመተ።

ይስካ (ሀይፋ)፦

እኛ ጋ እስራኤል ቃሉ አልገባም። በዕብራይስጥ "ነጺቭ ትሉኖት ሃጺቡር" ይባላል፤ የሕዝብ አቤቱታ ኮሚሽነር እንደማለት ነው። ከ1971 ጀምሮ ሥራውን የያዘው የመንግሥት ተቆጣጣሪው ነው። "ትሉና" አቤቱታ ነው። እነሱ አቤቱታውን ያዙ፣ ስዊድኖች አደራውን፣ እኛ እንባውን።

ብርቱካን (ኮፐንሀገን)፦

አንድ ያልተነሳ ነገር፦ "ማን" የምትለው ጭራስ? ሴት ስትሾም ምን ይሆናል?

ፊዮርድ (ኦስሎ)፦

እዚህ ትልቅ ክርክር ነበር። ኖርዌይ የእኩልነት ኦምቡድ በ1978፣ የሕፃናት ኦምቡድ በ1981 ስታቋቁም ጭራዋን አልቀጠለችም። "ኦምቡድ" ብቻ ብላ ተወችው። የዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ኦምቡድ የኛው ነው፤ "ባርነኦምቡደ" ይባላል። የድሮው፣ የፓርላማው "ሲቪልኦምቡድስማነን" ግን ጭራዋን ይዞ ቆየ። በ2021 "ሲቪልኦምቡደ" ተባለ። ስዊድኖች እስካሁን ይዘዋታል፤ በጥንቱ "ማድር" ሰው ማለት ነው ይላሉ።

ሸዋ በር (አዲስ አበባ)፦

"ጠባቂ" ግን ለሴትም ለወንድም ያገለግላል። አማርኛ ይህን ክርክር ሳያውቀው አልፎታል።

ደመላሽ (ማልመ)፦

ይቅርታ፣ ወደ ተግባር ልመልሳችሁና። እኔ የስዊድን ዜግነት የለኝም። ከአንድ መሥሪያ ቤት መልስ ካጣሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስሙን አልጠራም። ዪኦ ጋ አቤት ማለት እችላለሁ?

የሩን ልጅ (ኡፕሳላ)፦

ትችላለህ ወንድሜ። ዜግነት አይጠየቅም፤ አገሩ ውስጥ መኖርም ግዴታ አይደለም። ክፍያ የለውም። ሁለት ነገር ግን እወቅ። አንደኛ፣ ዪኦ ውሳኔ አይሽርም። መሥሪያ ቤቱ ሕግ ጥሷል ብሎ በይፋ ይነቅፋል፣ ከባድ ከሆነ ሹሙን ሊከስ ይችላል፤ ያንተን "እንቢ" ወደ "እሺ" ግን አይቀይርም። ሁለተኛ፣ ከሁለት ዓመት ያለፈ ጉዳይ በአብዛኛው አይመረምርም። ስለዚህ አትዘግይ። የምትጽፈው የደረሰብህን በቀን በቀኑ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን አለህ። መልስ አለመስጠት ራሱ የሚያዩት በደል ነው።

ደመላሽ (ማልመ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እጽፋለሁ።

አስተርጓሚዋ (ጎተንበርግ)፦

ከሥራ አሁን ገባሁ፤ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማስተርጎሚያ ደብተሬን አውጥቼ የ"ኦ" ገጽን አዲስ ጻፍኩት። የጻፍኩት ይህ ነው፤ ያላማራችሁን እረሙኝ።

የፓርላማው ኦምቡድስማን "እንባ ጠባቂ" ሆኖ ይቆያል፤ አገር ቤትም የሚታወቅበት ስም ነው። የፖስታው ኦምቡድ "ዕቃ መረከቢያ" ነው፤ ሰው የሚፈልገው የት ሄጄ ልውሰድ የሚለውን ነው። የፍርድ ቤቱ "ወኪል" ወይም "ጠበቃ"፣ እንደ ሰውየው። ሺድስኦምቡድ "በሠራተኞች የተመረጠች የሥራ ደኅንነት ተወካይ፣ አደጋ ካለ ሥራ ማስቆም የምትችል"። ረጅም ነው፤ ግን ያን ቀን ይህን ብል ኖሮ እናታችን መነጽራቸውን አያወልቁም ነበር።

አንዱ ግን አልሆንልሽ አለኝ። "ፐርሾንሊት ኦምቡድ" የሚባል አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ኮሙዩኑ (የአካባቢው አስተዳደር) በነጻ የሚመድብለት ነው። መሥሪያ ቤት አብሮት ይሄዳል፣ ደብዳቤውን አብሮት ያነባል፣ ስልክ ይደውላል። ከታማሚው በቀር የሚያዝዘው የለም፤ የሐኪሙም፣ የኮሙዩኑም ሰው አይደለም። "ጉዳይ አስፈጻሚ" ብለው ገንዘብ የሚከፈለው ደላላ ይመስላል። "ሞግዚት" ብለው ሰውየውን ሕፃን ያደርገዋል።

ጋሽ ወልዴ (ስቶክሆልም)፦

ልጄ፣ እሱማ "የግል እንደራሴ" ነው። እንደ ራሴ።

አስተርጓሚዋ (ጎተንበርግ)፦

ጋሼ፣ ጻፍኳት። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ አለኝ፤ ከደብተሬ አውጥቼ እላታለሁ።